ፕሮሰሰር ሲለወጥ ሃርድ ዲስክ ለምን ይሰወራል?

የቤት ኮምፒዩተር እያረጀ ሥራው ሲንቀራፈፍ ባለቤቱ በቅድሚያ የሚያስበው አዲስ መግዛትን ሳይሆን ያለውን ማሻሻልን ነው። ይህም ከኪስ አቅም አንጻር ተገቢ ሐሳብ ነው። ከሚሻሻሉት ክፍሎች መካከል ደግሞ የኮምፒዩተር አንጎል የሚባለው ፕሮሰሰር ግንባር ቀደሙን ስፍራ ይይዛል። ይሁን እንጂ ፕሮሰሰሩ ተለውጦ ኮምፒዩተሩ ሲከፈት አንድ ያልተጠበቀ ነገር ያጋጥማል፤ ማንም ያልነካው ሃርድ ዲስክ አልታይ ወይም አልነሳ ይላል። የተለወጠው ሌላ፣ የታመመው ሌላ! ለመሆኑ በፕሮሰሰሩና በሃርድ ዲስኩ መካከል ምን ግንኙነት አለ? ዲስኩስ በእርግጥ ተበላሽቷልን? የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ ከአንድ የሐረር ቤት ገጠመኝ ተነሥተን እንመረምራለን። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ገጠመኝ

ጊዜው 2007 ነው። ለዶክትሬት ትምህርት ወደ ውጭ አገር ከመሄዳችን በፊት፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ ወደሚኖሩ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ተጠራን። እኚህ አባት በካሴት የተቀዱ የሐረሪ የሠርግ ዘፈኖችንና የአዛውንቶችን ትረካ ለዓመታት ከቴፕ ወደ ኮምፒዩተር ሲያስተላልፉ የቆዩ ሰው ናቸው። ኮምፒዩተሩ ነደባ ተብሎ በሚጠራው ከፍ ያለ መቀመጫ ጥግ፣ በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ውስጡ የነበረው ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰርና 80 ጊጋ ባይት የሚይዝ ሃርድ ዲስክ ነው። የድምፅ ማስተካከያው ፕሮግራም ስለተንቀራፈፈባቸው ፕሮሰሰሩን በኮር 2 ዱዎ ለማስለወጥ ወስነው ለአንድ ቴክኒሺያን ሰጡት።

አዲሱ ፕሮሰሰር በአሮጌው ማዘርቦርድ ላይ ሊገጠም አልቻለም። የቀድሞው 478 እግሮች ያሉት ሲሆን፣ አዲሱ ግን እግር የለውም፤ 775 መገናኛ ነጥቦች ባሉት ሌላ ዓይነት ሶኬት ላይ የሚያርፍ ነው። ስለዚህ ከፕሮሰሰሩ ጋር ማዘርቦርዱና ሚሞሪው አብረው ተለወጡ። ሃርድ ዲስኩ ግን እንዳለ ወደ አዲሱ ማዘርቦርድ ተሸጋገረ። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት የዊንዶውስ ኤክስፒ አርማ ብቅ ይላል፤ ወዲያውም ሰማያዊ ገጽ ለቅጽበት ታይቶ ይጠፋና ማሽኑ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ሲደጋገም ቴክኒሺያኑ «ዲስኩ ሞቷል» የሚል ፍርድ ሰጠ። ከዚያም የመጨረሻ ሙከራ ይሆናል ብሎ የ«ሲ»ን ክፍል ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ጫነ። ኮምፒዩተሩም ያለ ምንም ችግር ተነሣ።

እኛ የተጠራነው ከዚህ በኋላ ነበር። በ«ዲ» ክፍል የተቀመጡት ቅጂዎች በሙሉ አሉ። በ«ሲ» ክፍል፣ የዶክመንት ማኅደር ውስጥ የተቀመጡት ግን የሉም። በላያቸው ላይ አዲሱ ዊንዶውስ ስለተጻፈባቸው ልናነሳቸው የቻልነው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ይባስ ብሎ፣ «ኮምፒዩተር ላይ አለ» በሚል እምነት ከካሴቶቹ አንዳንዶቹ ሌላ ነገር ተቀድቶባቸው ነበር። መምህሩ ሁኔታውን በጸጥታ ሲመለከቱ ቆይተው፣ «ልጄ፣ ዲስኩ ሞቷል ብለውኝ ነበር። የሞተ ከሆነ አሁን እንዴት ሠራ? ካልሞተስ ለምን ተደመሰሰ?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ለዚሁ ጥያቄ የተሟላ መልስ መስጠት ነው።

በፕሮሰሰሩና በዲስኩ መካከል ያለው በር

ብዙዎቻችን ፕሮሰሰሩ ከሃርድ ዲስክ ላይ መረጃን በቀጥታ የሚያነብ ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በሁለቱ መካከል የዲስክ መቆጣጠሪያ፣ በተለምዶ አጠራር «ኮንትሮለር» የሚባል ክፍል አለ። ፕሮሰሰሩ «ከዚህ አድራሻ ይህን ያህል አምጣ» ብሎ ትእዛዝ የሚሰጠው ለመቆጣጠሪያው ነው። መቆጣጠሪያውም ትእዛዙን ዲስኩ በሚገባው የኤሌክትሪክ ምልክት ለውጦ በኬብሉ ላይ ይልካል፤ ምላሹንም ተቀብሎ ወደ ሚሞሪ ያደርሳል።

የጀጎልን ነዋሪ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያስቸግርም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተገነባው ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። በጭነት መኪና የመጣ ዕቃ ለምሳሌ ሸዋ በር ሲደርስ ይራገፋል፤ ከዚያ በኋላ በጠባቦቹ መንገዶች በሰው ትከሻ ወይም በአህያ እስከ ቤት ይጓዛል። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ በበሩ ላይ ግን ማጓጓዣው ይለወጣል። ተረካቢዎቹ ሸዋ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁ መኪናው በኤረር በር ቢመጣ ዕቃውም ቤቱም ደኅና ሆነው ሳለ ዕቃው ቤት ሳይደርስ ይቀራል። የመምህሩ ሃርድ ዲስክ የገጠመውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ታዲያ ፕሮሰሰር ሲለወጥ በሩ ለምን ይለወጣል? ምክንያቱ መቆጣጠሪያው የሚገኝበት ስፍራ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበሩት የግል ኮምፒዩተሮች የዲስክ መቆጣጠሪያ ራሱን የቻለ ካርድ ነበር። በኋላ ላይ አብዛኛው የመቆጣጠሪያ ኤሌክትሮኒክስ በራሱ በዲስኩ ላይ ሲደረግ፣ ኮምፒዩተሩን ከዲስኩ ጋር የሚያገናኘው ቀሪ ክፍል ደግሞ ቺፕሴት በሚባለው የማዘርቦርዱ ቺፕ ውስጥ ገባ። አንድ ፕሮሰሰር የሚሠራው ከተወሰነ ሶኬትና ከተወሰነ ቺፕሴት ጋር ብቻ ነው። ስለሆነም ፕሮሰሰሩ ሶኬቱን፣ ሶኬቱ ማዘርቦርዱን፣ ማዘርቦርዱ ደግሞ መቆጣጠሪያውን አስከትሎ ይለወጣል ማለት ነው።

በአንጻሩ አሮጌው ማዘርቦርድ የሚቀበለው የተሻለ ፕሮሰሰር ተገኝቶ እሱ ብቻ ከተለወጠ መቆጣጠሪያው አይነካም። በዚህም ጊዜ ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አዲሱን ፕሮሰሰር ለማሳወቅ ባዮስ የሚባለው የማዘርቦርዱ መነሻ ፕሮግራም ሲታደስ ወይም ባትሪው ወጥቶ ሲገባ፣ የመቆጣጠሪያው አሠራር ፋብሪካው ወዳስቀመጠው ሁኔታ ሊመለስ ይችላል። ውጤቱም ያው ሰማያዊ ገጽ ይሆናል።

አራቱ የመጣጣም ነጥቦች

ሃርድ ዲስክ ከአዲስ መቆጣጠሪያ ጋር ተጣጥሞ እንዲነሣ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ የሞተ ይመስላል።

1. ኬብልና ማገናኛ

የቀድሞው አይዲኢ የሚባለው ማገናኛ 40 ቀዳዳዎች ያሉት ሲሆን፣ 16 ቢቶችን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 66 ሜጋ ባይት ሲደርስ አንድ የፊዚክስ ችግር ተከሰተ። ጎን ለጎን በተዘረጉ ሽቦዎች ውስጥ የኤሌክትሪክ ምልክት በፍጥነት ሲለዋወጥ አንዱ ሽቦ በጎረቤቱ ላይ የማይፈለግ ምልክት ይፈጥራል። ለዚህ የተገኘው መፍትሔ በየሽቦው መካከል ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ ሌላ ሽቦ ማስገባት ነበር። ማገናኛው ባለ 40 እንደሆነ ሳይለወጥ፣ የኬብሉ ሽቦዎች 80 የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ባለ 40 ሽቦው አሮጌ ኬብል በፈጣን ዲስክ ላይ ሲሰካ መቆጣጠሪያው ፍጥነቱን ወደ 33 ሜጋ ባይት ዝቅ ያደርጋል። ፕሮሰሰር ተለውጦ ኮምፒዩተሩ «ያው ነው» የሚባልበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

አይዲኢ በመጨረሻ የደረሰው በሴኮንድ 133 ሜጋ ባይት ላይ ነው። 16 ቢቶች እኩል ተነሥተው እኩል መድረስ ስላለባቸው፣ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ትንሽ የጊዜ ልዩነት እንኳ ስሕተት ያስከትላል። ስለዚህ በ2003 ገደማ ሳታ የሚባለው ማገናኛ ሥራ ላይ ዋለ። ሳታ ቢቶቹን አንድ በአንድ፣ ነገር ግን እጅግ በፍጥነት ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ሳታ በሴኮንድ 1.5 ጊጋ ቢት የሚልክ ሲሆን፣ ከየ10 ቢቱ 8ቱ ብቻ መረጃ ስለሆኑ ይህ 150 ሜጋ ባይት ይሆናል።

ወሳኙ ለውጥ የመጣው በ2006 ነው። ኢንቴል ኮር 2 ዱዎን ባቀረበበት በዚያው ዓመት፣ ለዴስክቶፕ ባወጣው አዲስ ቺፕሴት ውስጥ የአይዲኢ መቆጣጠሪያን አስቀረ። ማዘርቦርድ አምራቾች ግን ደንበኞቻቸው የአይዲኢ ዲስክና ሲዲ ማንበቢያ እንዳላቸው ስለሚያውቁ፣ ከሌላ ኩባንያ የተገዛ ተጨማሪ የመቆጣጠሪያ ቺፕ በቦርዱ ላይ አስቀመጡ። ኬብሉ በትክክል ይሰካል፤ ከኬብሉ በስተጀርባ ያለው መቆጣጠሪያ ግን ዊንዶውሱ ፈጽሞ የማያውቀው ነው። የመምህሩ ዲስክ የተሰካው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነበር።

2. የመቆጣጠሪያው አሠራርና ድራይቨሩ

ኮምፒዩተር ሲከፈት በመጀመሪያ ዲስኩን የሚያነበው ባዮስ ነው፤ የሚያነበውም በራሱ አነስተኛ ፕሮግራም አማካይነት ነው። የዊንዶውስ አርማ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። ቀጥሎ ግን ዊንዶውስ ሥራውን ከባዮስ ተረክቦ መቆጣጠሪያውን በራሱ ድራይቨር ማዘዝ ይጀምራል። በሚነሣበት ሰዓት የሚጠራው ድራይቨር ደግሞ መጀመሪያ ሲጫን ለነበረው መቆጣጠሪያ የተዘጋጀው ነው። መቆጣጠሪያው ተለውጦ ከሆነ ዊንዶውስ ከተቀመጠበት ዲስክ ጋር ያለው ግንኙነት በድንገት ይቋረጣል። አዲሱን ድራይቨር ከዲስኩ ላይ እንዳያነሣ ዲስኩን ማንበብ አለበት፤ ዲስኩን እንዳያነብ ድራይቨሩ የለውም። የሣጥኑ ቁልፍ እሣጥኑ ውስጥ እንደተቆለፈበት ሰው መሆኑ ነው። በዚህ ጊዜ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ቁጥር የያዘ ሰማያዊ ገጽ ይታያል። የቁጥሩ ትርጉም «የመነሻውን ዲስክ ማግኘት አልቻልሁም» ማለት እንጂ «ዲስኩ ተበላሽቷል» ማለት አይደለም።

የሳታ መቆጣጠሪያም ቢሆን በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። አንደኛው አይዲኢን መስሎ መሥራት ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2004 በወጣው ኤኤችሲአይ በተባለው ደንብ መሥራት ነው። ዊንዶውስ ኤክስፒ ለኤኤችሲአይ የሚሆን ድራይቨር በውስጡ አልነበረውም፤ ሲጫን ከፍሎፒ ዲስክ ማቅረብ ግድ ነበር። በ2007 ለሕዝብ የቀረበው ቪስታ ድራይቨሩን ይዞ መጣ። ሆኖም ቪስታም ሆነ ዊንዶውስ 7 ሲጫኑ ያላስፈለጋቸውን ድራይቨር ስለሚያሰናብቱ፣ አሠራሩ በኋላ ሲለወጥ ያው ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። ሊኑክስ በአንጻሩ በሚነሣበት ጊዜ በርካታ ድራይቨሮችን ይዞ ስለሚነሣ ብዙውን ጊዜ በአዲሱ መቆጣጠሪያ ላይ ያለ ችግር ይሠራል።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ በኢንቴል ፕሮሰሰር የሚሠሩ ብዙ ላፕቶፖች ቪኤምዲ የተባለ አዲስ የዲስክ መቆጣጠሪያ አሠራር ተከፍቶባቸው ይመጣሉ። በእነዚህ ላይ ዊንዶውስን ለመጫን ሲሞከር «ምንም ዲስክ አልተገኘም» የሚል መልእክት ሊመጣ ይችላል። ድራይቨሩ ከፍላሽ ዲስክ ሲቀርብለት ዲስኩ ወዲያውኑ ይታያል። ፍሎፒው በፍላሽ ተተካ እንጂ ችግሩ ያው ነው።

3. የአድራሻ ልክ

ሃርድ ዲስክ መረጃን በቁጥር በተሰየሙ ክፍሎች ያስቀምጣል፤ በቀድሞዎቹ ዲስኮች የእያንዳንዱ ክፍል መጠን 512 ባይት ነው። የቀድሞው የአይዲኢ ደንብ ለአድራሻ የመደበው 28 ቢት ነበር። 28 ሁለቶችን ብናባዛ 268,435,456 አድራሻዎች እናገኛለን፤ ይህም በ512 ሲባዛ 137,438,953,472 ባይት፣ ማለትም 137 ጊጋ ባይት ያህል ይሆናል። በ2002 አድራሻው ወደ 48 ቢት እስኪያድግ ድረስ ከዚህ በላይ የሚይዝ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ሊነበብ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ትልቅ ዲስክ በ48 ቢት ተሞልቶ ሳለ 28 ቢት ብቻ ከሚያውቅ ሥርዓት ጋር ቢገናኝ፣ ከወሰኑ በላይ ሊጻፍ የታሰበው መረጃ ዞሮ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ ሊጻፍና የነበረውን ሊያጠፋ ይችላል። ስለሆነም ከ137 ጊጋ ባይት የሚበልጥን ዲስክ የመጀመሪያው ማሻሻያ ካልተጫነበት ዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ማገናኘት አይገባም።

4. የመነሻው መዝገብ

ዲስክ በምን በምን ክፍል እንደተከፋፈለ የሚገልጸው መዝገብ ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞው ኤምቢአር በ32 ቢት አድራሻ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከላይ ባየነው ስሌት መሠረት 2.2 ቴራ ባይት ላይ ይቆማል። አዲሱ ጂፒቲ ይባላል። አሮጌ ባዮስ ዊንዶውስን የሚያስነሣው ከኤምቢአር ሲሆን፣ ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ግን ዊንዶውስን የሚያስነሣው ከጂፒቲ ነው። ኢንቴል የቀድሞውን የባዮስ አነሣስ እስከ 2020 ለማስቀረት ማቀዱን በ2017 አስታውቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በወጡ ብዙ ማዘርቦርዶች ላይም አሮጌው አነሣስ ተዘግቷል ወይም ከነጭራሹ ቀርቷል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ካበቃ በኋላ፣ ዊንዶውስ 11 የሚፈልገውን ለማሟላት ሲሉ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ የሚለውጡ ሰዎች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም። አሮጌ ዲስካቸው በኤምቢአር የተዘጋጀ ከሆነ በአዲሱ ማዘርቦርድ ላይ አይነሣም። ዊንዶውስ 10 ራሱ ከ2017 ጀምሮ መረጃ ሳያጠፋ ኤምቢአርን ወደ ጂፒቲ የሚለውጥ መሣሪያ በውስጡ ይዟል። ይህም ቢሆን ቅጂ ሳይያዝ የሚሞከር አይደለም።

ከመፍታታችን በፊት ምን እናድርግ?

ከላይ ከተመለከትነው በመነሣት ለአንባቢያን የሚከተለውን የሥራ ቅደም ተከተል እናቀርባለን።

ሀ. ማንኛውም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ጠቃሚ ፋይሎች በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዱ። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይፈተሽ።

ለ. የባዮሱ ገጾች፣ በተለይም የዲስክ መቆጣጠሪያው አሠራር የተጻፈበት ገጽ፣ በስልክ ፎቶግራፍ ይነሣ።

ሐ. ዲስኩ በይለፍ ቃል የተመሰጠረ ከሆነ ባለ 48 አሐዙ የማስመለሻ ቁልፍ በወረቀት ላይ ይጻፍ። ማዘርቦርድ ሲለወጥ ቢትሎከር ይህንኑ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ዲስኩ ጤነኛ ቢሆንም የሚነበብ ነገር የለም።

መ. ባዮስ ማደስ ካስፈለገ መብራት ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ በዩፒኤስ ላይ ሆኖ ይሠራ። በመካከሉ የተቋረጠ እድሳት ማዘርቦርዱን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል።

ሠ. በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ፣ ዲስኩ ከአሮጌው ማዘርቦርድ ከመነሣቱ በፊት የመቆጣጠሪያው ድራይቨር ወደ መደበኛው የአይዲኢ ድራይቨር ይለወጥ። በዊንዶውስ 10ና 11 ላይ ኤኤችሲአይን ለመክፈት ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያ በሴፍ ሞድ እንዲነሣ ማዘዝ፣ ከዚያ በባዮስ ላይ አሠራሩን መለወጥ፣ በመጨረሻም ወደ መደበኛው አነሣስ መመለስ ነው።

ረ. ሰማያዊ ገጽ ከመጣ በቅድሚያ በባዮስ ላይ የቀድሞው አሠራር ይመለስ። ይህ ካልረዳ ዲስኩ በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይያያዝ፤ ወይም ኮምፒዩተሩ ሊኑክስ በተጫነበት ፍላሽ ዲስክ ይነሣ። ፋይሎቹ ከታዩ ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው መጣጣም ብቻ ነው። በአንጻሩ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሚያሰማ ከሆነ ሕመሙ የራሱ ነውና ወዲያው ይጥፋ።

ሰ. «ይህን ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» የሚል ጥያቄ ሲመጣ መልሱ ምንጊዜም «አይሆንም» ይሁን። ፎርማት ማድረግ ምርመራ አይደለም፤ ቅጂ ከተያዘ በኋላ ብቻ የሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ ነው።

ማጠቃለያ

ለመምህሩ ጥያቄ የሰጠነው መልስ አጭር ነበር። ዲስኩ አልሞተም ነበር፤ የሚያነብበት በር ተለውጦበት ነበር። የተደመሰሰው በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት ስለተሰጠ ነው። ያ ዲስክ ከዚያ በኋላም ለዓመታት አገልግሏል።

ሐረር በእጅ ጽሑፍና በመጽሐፍ ጥረዛ ጥበቧ የታወቀች ከተማ ናት። ከመቶ ዓመታት በፊት የተጠረዘ መጽሐፍን ለማንበብ ዓይን፣ ብርሃንና ፊደል ማወቅ ይበቃል። በሃርድ ዲስክ ላይ ያለውን ለማንበብ ግን ዲስኩን የሚያውቅ መቆጣጠሪያ፣ መቆጣጠሪያውን የሚያውቅ ድራይቨር፣ መዝገቡን የሚያውቅ ባዮስ ያስፈልጋል። እነዚህ ደግሞ በየጥቂት ዓመቱ ይለወጣሉ። ስለዚህ ወደ ኮምፒዩተር የገባ ቅርስ ሁሉ በማሽን ለውጥ ወቅት አብሮ መሸጋገሩ መረጋገጥ አለበት፤ ዋናው ካሴት ወይም ወረቀትም «ኮምፒዩተር ላይ አለ» ተብሎ ሊጣል አይገባም።

መምህሩ የተረፉትን ቅጂዎች በሁለት ዲስኮች አስቀምጠው፣ አንዱን በዘመዳቸው ቤት አኖሩ። ያልተነኩትን ካሴቶችም እንደገና መቅዳት ጀመሩ። ከጠፉት ዘፈኖች መካከል ግን ካሴታቸውም ሆነ ዘፋኞቻቸው በሕይወት ያልነበሩ ነበሩና፣ እነዚያን መልሶ ማግኘት አልተቻለም። ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ለማሻሻል ሲነሡ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከመጠየቅዎ በፊት ስለ ሃርድ ዲስኩ መቆጣጠሪያ ይጠይቁ። ፕሮሰሰር ቢበላሽ ሌላ ይገዛል።